የኮሎኔሉ ሸሚዝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ዝናብ። ከምኖርበት ከላንሲ በ፲፭ ቁጥር ትራም ወደ ከተማ ወርጄ የደም ግፊት መድኃኒቴን ተቀበልሁ። የፋርማሲዋ ልጅ ዛሬም ስሜን አጣመመችው፤ ዛሬም አረምኋት።

ስመለስ በቤተ ክርስቲያናችን በኩል አለፍሁ። በሩ ላይ የጽዳት ተራ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በእጅ የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው። አሥራ አንድ ስሕተት! በእግዚአብሔር ቤት በር ላይ እንዲህ ይጻፋል? ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ እዚያው ቆሜ አረምሁት። እጄ በዝናብ ራሰ፤ ግን አንዲት ፊደል አላለፍሁም። የጻፈው ማንም ይሁን ማን፣ ይማርበታል።

ከሰዓት በኋላ እድላዊት ደወለች፤ የልጅ ልጄ። ዙሪክ የዶክትሬት ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። «አያቴ፣ የእርስዎን መጽሐፍ አገኘሁት! እዚህ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ውስጥ!» የትኛውን እንዳትለኝ። ያለኝ አንድ ነው። ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት የተረጎምሁት «የኮሎኔሉ ትዝታዎች»። ቅዳሜ ከዙሪክ በባቡር ትመጣለች።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ የረሳሁት ነገር መጣብኝና ሄደ… ምን ነበር?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፰

መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ መጽሐፉን አወጣች። ጠርዙ የተበላ፣ ወረቀቱ ብጫ። ስሜ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ «ተርጓሚ፦ ኃይለመለኮት»።

የጥናቷ ጉዳይ እንግሊዛዊው ቶርንሊ ነው። እንደ እርሷ አባባል ቶርንሊ በአገሩ ብዙ አልተነበበም። ነገር ግን በስድሳዎቹ ዓመታት የመጽሐፉ ርካሽ እትም አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ ትውልድ የወጡት የአሜሪካ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች፣ እድላዊት «ፖስትሞደርን» የምትላቸው (ድኅረ ዘመናዊ በይ አልኋት)፣ ከእርሱ አንድ ነገር ወሰዱ። መጽሐፍ ከራሱ ጋር ሊጣላ እንደሚችል።

«አልሶ፣» አለች፤ ጀርመንኛ ሲቀላቀልባት ነው። «አያቴ፣ ታሪኩን ያውቁታል። ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ስለ ጀግንነቱ ይጽፋል። ጠረጴዛውን የምትወለውለው አገልጋይ ደግሞ ከገጹ ግርጌ፣ በትንንሹ፣ ውሸቱን ትጽፍበታለች። ማስታወሻዋ በየምዕራፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል… መጨረሻው ገጽ ላይ ኮሎኔሉ አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረው። አሜሪካኖቹ የወሰዱት እሷን ነው። ጌናው፣ በትክክል እሷን!»

ከዚያ መጽሐፌን ገለጠች። አማርኛ ስታነብ ቀስ ብላ ነው፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች።

«እኔ ግን ግርጌውን አላገኘሁትም። ሴትዮዋ የለችም። የት ሄደች?»

መጽሐፉን ከእጇ ወስጄ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥሁ።

«ሳንሱር ነው? ያኔ እኮ ደርግ ነበር። ሳንሱር ነው አይደል?»

ዝምታዬን እንደ አዎንታ ወሰደችው። ያ ይበቃ ነበር። እኔ ግን አልበቃኝም። «አዎ… ያን ጊዜ ብዙ ነገር ይቆረጥ ነበር» አልሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እንደ ተበደለ ሰው።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጄን ሳመችው።

እሑድ፣ ጥቅምት ፱

አላስቀደስሁም። ጉንፋን ነው አልኋቸው። ጉንፋን አይደለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲

ከሕንጻው ሥር ወዳለው ካቫችን፣ ወደ ዕቃ ቤቱ፣ ወረድሁ። ከአሮጌ ሻንጣ ውስጥ ፋይሉን አገኘሁት። ሦስት ነገሮች።

አንደኛ፦ በወዳጅ እጅ አዲስ አበባ ከላክሁት ረቂቅ ጋር የተመለሰ የሳንሱር ፈቃድ። «የሚወጣም የሚሻሻልም የለም» ይላል። ማኅተም አለው። አንዲት መስመር አልነኩብኝም። ምን ብለው ይንኩ? እኔ ቀድሜያቸው ጨርሼዋለሁ።

ሁለተኛ፦ የመቅድሜ ረቂቅ። ባለቤቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አመስግኛለሁ። የመሥሪያ ቤት አለቃዬን አመስግኛለሁ። መዝገበ ቃላቱን ሳይቀር አመስግኛለሁ።

ሦስተኛ፦ ሰማያዊ ደብተር። ስድሳ አራት ገጽ። አገሪቱ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን ሴት የእጅ ጽሕፈት።

አገሪቱን ልጻፋት። እዚህ ከራሴ በቀር ማን አለ? ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከከተማው ውጭ፣ ቨርሷ፣ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ሐሙስ ሐሙስ የእረፍት ቀኗ ነው። አገልጋይዋ የምትናገረውን ሁሉ፣ የጓዳውን፣ የእጥበቱን፣ የድስቱን፣ መተርጎም አቃተኝ። ስለማላውቀው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን እያነበብሁላት «ይህን እናንተ እንዴት ትሉታላችሁ?» እላታለሁ። እናንተ! በኋላ ደብተር ገዝታ ራሷ መጻፍ ጀመረች። ሰባት ወር ሐሙሶቿን ሰጠችኝ።

ከዚያ ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አበላሸሁት። «ይህ የጓዳ አማርኛ ነው። ለመጽሐፍ አይሆንም» አልኋት። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለች። ሁሉንም ቆረጥሁት። ደብተሩን ስትጠይቀኝ ትራም ላይ ረሳሁት አልኋት።

ለምን ዋሸኋት? ለምንስ አልጣልሁትም?

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፫

ሦስት ቀን አነበብሁ። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የእኔ አማርኛ፣ በመካከል ደብተሩ።

የእኔ ኮሎኔል አማርኛው ያማረ ነው። እንከን የለውም። አሰልቺ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያጋልጠው የሌለ አንድ ሽማግሌ ስለ ራሱ ያወራል።

ኮሎኔሉ በአራተኛው ምዕራፍ «ሸሚዜ በጠላት ደም ርሶ ነበር» ይላል። በዚህ ገጽ ግርጌ አገሪቱ የጻፈቻት አገልጋይ እንዲህ ትላለች፦ «ኧረ እቴ! ያን ሸሚዝ ያጠብኩት እኔ ነኝ። የምን ደም? ወይን ጠጅ ነው። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ሲያባብሉት እሺ ይላል። ወይን ጠጅ ግን እልኸኛ ነው፣ ልክ እንደሱ።»

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቴ፣ ድምፅ አውጥቼ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁት።

ያን ጊዜም ስቄ ነበር። አሁን ትዝ አለኝ። ስቄ፣ አፍሬ፣ ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ «ቋንቋውን ልጠብቅ ብዬ ነው» ስል ኖርሁ። ውሸት። የእርሷ ገጾች ከእኔ ገጾች ይበልጡ ነበር። አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ በሐሙስ እረፍቷ የጻፈችው፣ የሰዋስው መምህር ከነበረው ከእኔ በለጠ። አወቅሁት። ስላወቅሁትም ቆረጥሁት።

አሜሪካውያኑ ከዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር መርጠው ወሰዱ። እኔም አንድ ነገር መርጬ ጣልሁ። ያው አንዱን ነገር።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፮

ዛሬ ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ አገሪቱ ወንበር ትደረድራለች። ጡረታ ወጥታለች፤ ወገቧን ትንሽ ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

«ጋሼ፣ ማስታወቂያዬን አይተውልኛል? አንዱ መጥቶ ቀይ በቀይ አድርጎት ሄደ። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ አስመሰለው!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኛ! ማን ሊጽፈው ኖሯል? የመጥረጊያን ተራ መጥረጊያ የያዘ ነው የሚያውቀው።» ከዚያ ወንበሩን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «ቀዩን ግን አውቀዋለሁ። ድሮም አይቼዋለሁ።»

ልናገር አፌን ከፈትሁ። «ዝናቡ አልቆመም እኮ» አልሁ።

ዝናቡ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፱

እድላዊት የንግግሯን ጽሑፍ በኢሜይል ላከችልኝ። ኅዳር ፲፩ ቀን በዙሪክ ሴሚናር፣ በፕሮፌሰሮቿ ፊት ታቀርበዋለች። ከዚህ ንግግር በኋላ ነው የጥናቷ የመጨረሻ ገንዘብ የሚወሰንላት።

በእንግሊዝኛ ነው። «ሳንሱር» የሚለውን ቃል ቈጠርሁ። አሥራ ስምንት ጊዜ። አንድ ሙሉ ክፍል ስለ እኔ። እንግሊዛዊው ለአገልጋይዋ አፍ አበጀላት፤ አሜሪካውያኑ ከእርሷ ድምፅ አዲስ ልብ ወለድ ሠሩ፤ በአዲስ አበባ ግን መንግሥት አፏን ዘጋው፤ ሽማግሌው ተርጓሚም ቍስሉን በዝምታ ተሸክሞ ኖረ… ይላል። ቍስሉን!

ልጄ ሆይ፣ ምስክርሽ እኔ ነኝ፤ ውሸታሙም እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፳፩

ደብዳቤ ጻፍሁላት። ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ያማሩ ናቸው። አንዱ «በዘመኑ የነበረው የሥነ ጽሑፍ አስተሳሰብ» ይላል። አንዱ «የአርታኢነት ውሳኔ» ይላል። ሦስተኛው «ይቅርታሽን እማጠናለሁ» ብሎ የተማጠነበትን ነገር ሳይናገር ያልቃል።

ኮሎኔሉ እንዲህ ነበር የሚጽፈው።

ቀደድኋቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፳፭

ምንም አላደረግሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፭

ደብተሩን ይዤ ኦኔ፣ አገሪቱ ቤት ሄድሁ። ሳልደውል። ሰባተኛ ፎቅ። አገሪቱ በሩን ከፍታ «ውይ ጋሼ! ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ ወይዘሮ አገሪቱ።»

«ወይዘሮ? እንግዲያው ሰው ሞቷል!»

ሻይ አቀረበች። ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። አልነካችውም። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼ… ትራም ላይ ቀረ ብለውኝ አልነበር?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ሻይዋን ሁለት ጊዜ አማሰለችው። ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።

«ሁለቴ የጠፉ ዕቃዎች ቢሮ ሄጃለሁ» አለች። «በእረፍት ቀኔ። ፈረንሳይኛ በደንብ አልችል፤ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ እላቸዋለሁ። ጃንጥላ አመጡልኝ። ሰማያዊ ጃንጥላ።»

ፈገግ አለች። ፈገግ ባትልልኝ ይሻለኝ ነበር።

«መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ ገዛሁት። ከእርስዎ አልጠየቅኩም፣ ገዛሁት። ምናልባት እንኳ በትንሹ ትኖራለች ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግኳት። አንዷን ቃሌን። የለችም።»

«ቃልሽ ከቃሌ ይበልጥ ነበር። ለዚያ ነው።»

ያልሁት ይህን ብቻ ነው። ስመጣ በትራሙ ውስጥ ያቀናበርሁት ሌላ ብዙ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

ቀና ብላ አየችኝ። ይቅር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ስለ እድላዊት ነገርኋት፤ ስለ ንግግሩ፣ ስለ ሳንሱሩ።

«ልጅቱ በርስዎ ውሸት ሰው ፊት ልትቆም ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እዚህ ምን ይሠራሉ? የኔስ ሠላሳ ሰባት ዓመት ቆይቷል፣ አንድ ሳምንት ቢጨምር አይበላሽም። ለሷ ይንገሩ።» ደብተሩን አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገችው። «እኔም ዙሪክ እመጣለሁ። ግማሽ ዋጋ የሚያስከፍል ካርድ አለኝ። ይኼ ደብተር ግን ከእንግዲህ ከእጄ አይወጣም።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ስልኩን አራት ጊዜ አነሣሁ። በአራተኛው እድላዊት ራሷ ደወለች። «አያቴ፣ ስለርስዎ የምናገረው ቦታ ላይ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ እየተለማመድኩ ነው።»

«በርቺ» አልኋት።

በርቺ!

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩፣ ዙሪክ

በባቡሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ አገሪቱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሐይቁ እስኪያልፍ ደብተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታነብ ነበር። በርን ከተማ ስንደርስ «ተናገሩ?» አለችኝ። «ገና» አልሁ። «አይ ጋሼ!» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እድላዊት በጣቢያው አዳራሽ ትልቁ ሰዓት ሥር ቆማ ነበር። ጥቁር ኮት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ። አቀፈችኝ። ሳትለቀኝ፣ በጆሮዋ ነገርኋት። ብለቃት ኖሮ ፊቷን ማየት ነበረብኝ፤ ያን አልደፈርሁም።

«ሳንሱር አልነበረም። የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ይህች ሴትዮ ጽፋው ነበር።»

ክንዶቿ ለቀቁኝ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ፓርዶን?»

ደገምሁት። ሁሉንም። ሰው በግራና በቀኝ ሻንጣ እየጎተተ ያልፋል።

«እኔ ለፕሮፌሰሯ ልኬዋለሁ። ታትሟል። ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል! እርስዎ… እርስዎ አንብበውት ነበር። ላኪልኝ ብለው አንብበውት፣ አያቴ፣ 'መልካም ነው' ብለው መለሱልኝ።»

እውነት ነው። ያንን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍሁትም ነበር። «መልካም ነው። ሁለት ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» ብዬ መልሻለሁ።

በንዴቷም ውስጥ «እርስዎ» አለችኝ። አንቱታን ያስተማርኋት እኔ ነኝ። እንደ ዛሬ ከብዶኝ አያውቅም። አንተ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

አገሪቱ መካከል ገባች። «የኔ ልጅ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትናገሪው?»

«በስምንት።»

«አሁን አምስት ተኩል ነው። አልቅሺ፣ ከዚያ ሥራሽን እንሠራለን።»

አላለቀሰችም። ሁለቱ አንድ የጣቢያ ካፌ ጥግ ተቀመጡ፤ ራሳቸውን ሰማያዊው ደብተር ላይ ደፍተው። እኔ ሌላ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ከሩቅ የአገሪቱን ጣት አያለሁ፤ ከመስመር መስመር እየሄደ ለልጅቱ ያነብላታል። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም።

ሴሚናሩ። ሃያ የሚሆን ሰው። እድላዊት ቆመች። ስለ ቶርንሊ፣ ስለ አሜሪካውያኑ፣ እንደ ጻፈችው ተናገረች። እኔ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ገለበጠችው።

«የሚቀጥለው ክፍል ስሕተት ነው» አለች። «ምክንያቱን አያቴ ይናገራሉ።»

ባቡር ውስጥ ያዘጋጀሁት ወረቀት በኪሴ ነበር። አላወጣሁትም። «መንግሥት አልቆረጠውም። እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ከእኔ የበለጠ ስለ ጻፈች ነው። ለልጅ ልጄም ዋሸሁ» አልሁ። በእንግሊዝኛ፣ አራት ዓረፍተ ነገር። ተቀመጥሁ። ማንም አላጨበጨበም። ደግሞስ ለምን?

ከዚያ አገሪቱ መነጽሯን አድርጋ የሸሚዙን ገጽ በአማርኛ አነበበች። «ኧረ እቴ!» ስትል እድላዊት ለመተርጎም አፏን ከፈተች፤ ግን ቀድማ ሳቀች። ሳቋ አመለጣት። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ሳቁ ጠፋ።

ሽበታሟ ፕሮፌሰር እጇን አነሣች። ጥያቄዋን ለእኔ መስሎኝ ቀና አልሁ። ለአገሪቱ ነበር። «ስድሳ አራቱም ገጽ አለ?»

«አለ» አለች አገሪቱ። «ቀዩን ካሳለፉት፣ ይነበባል።»

ገንዘቡን ገና አልወሰኑም። እድላዊት ባቡር ጣቢያ አልሸኘችኝም። አገሪቱን ግን እስከ ፉርጎው በር አደረሰቻት።

እሑድ፣ ኅዳር ፳፩

ጽዮን ማርያም። በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ። በአገሪቱ እጅ። እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር። አነበብሁት። ረቡዕ የጽዳት ተራ የማን እንደ ሆነ በደንብ ይገባል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፳፫

ሐሙስ ዕለት እድላዊት ጻፈችልኝ። ከዙሪክ ወዲህ የመጀመሪያው። «የወይዘሮ አገሪቱ ገጾች እስከ ገና ተተይበው ይላኩልኝ። ፕሮፌሰሯ ትጠብቃለች። ቀዩ እንዳይገባ።» በላይ «አያቴ» የሚል የለም። በታች ስሟ ብቻ። ትክክል ነው።

አገሪቱ ደብተሩን አልሰጠችኝም። በየቀኑ አምስት ገጽ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች። ማስጠንቀቂያዋም አብሮ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ቢነኩ ላንሲ ድረስ እመጣለሁ።»

እተይባለሁ። እጄ ይበላኛል። እንዳለ እተይባለሁ።

ዛሬ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ቆምሁ። አገልጋይዋ የወይን ጠጁን እድፍ መጀመሪያ በጨው ታፍነዋለች፤ ከዚያ የፈላ ውኃ ከከፍታ ታፈስስበታለች። ለምን ከከፍታ? ድሮ ይህን መስመር በቀይ ሰርዤ ከጎኑ «ትርጉም የለሽ» ብዬ ነበር። ደወልሁላት።

«አገሪቱ፣ ለምንድን ነው ከከፍታ የምታፈስሰው?»

ጥያቄዬን በጥያቄ መለሰች።

«ጋሼ፣ በዕድሜዎ ልብስ አጥበው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።» ባለቤቴ ታጥብልኝ ነበር፤ ካረፈች ወዲህ ለላውንድሪ እሰጣለሁ።

«ሳያውቁት ነዋ የሰረዙት!» ሳቀች። ይቅርታ አይደለም፤ ሳቅ ነው። «ነገ የሕንጻችን ማጠቢያ ክፍል ተራው የኔ ነው። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። አንድ ነጭ ሸሚዝ ይዘው ይምጡ። ወይን ጠጁን እኔ አመጣለሁ።»

ሸሚዙን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ትቼዋለሁ። በሦስት ሰዓት። እንዳልዘገይ።